የክሮም ቸርኬን ከመንገድ ጨው ማዳን፦ ከበረዶው በፊት፣ በበረዶው ወራት፣ ከበረዶው በኋላ

የመጀመሪያዎቹ የክሮም ቸርኬዎቼ የተበላሹት ጋራዥ ውስጥ ቆመው ነው። ጨው የተነሰነሰበትን መንገድ ረጅም ሰዓት ነድቼ መጣሁ። ደክሞኝ ስለነበር መኪናዋን ሳላጥብ ማሞቂያ ያለው ጋራዥ ውስጥ አቆምኳት። ሁለት ሳምንት ያህል አልተነሣችም። ሞቃት ቦታ ስለሆነች ምንም አትሆንም ብዬ ነበር። ብርዱ ሲያልፍ ሳጥባት ከቫልቩ ሥር ልባጡ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ተኮፍሶ አገኘሁት። በጥፍሬ ስነካው ተቀርፎ ተነሣ። ከሥሩ ነጭ ዱቄት ነበር። አራቱም ቸርኬዎች ላይ እንደዚያው።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ክሮም ቸርኬን የሚጨርሰው ጨው እርጥብ ሆኖ ላዩ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ፣ ሰም መቀባቱም፣ ማጠቡም፣ ማድረቁም፣ ይህን ጊዜ ለማሳጠር ነው። አንድ ነገር ላድርግ ወይስ ልተው ብላችሁ ስትጠራጠሩ በዚህ መዝኑት።

ጨው የሚገባው በየት ነው?

ክሮም ራሱ ጠንካራ ብረት ነው። አየር ሲነካው በዓይን የማይታይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል፤ ቶሎ የማይደበዝዘውም ለዚህ ነው። ችግሩ ቅጥነቱ ነው። ለጌጥ የሚለበጠው ክሮም ብዙውን ጊዜ ከ1 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) በታች ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ስለሚደርስ ምን ያህል ስስ እንደሆነ አስቡት። ዝገትን የመከላከሉ ዋና ሥራ ያለው ከክሮሙ ሥር ባለው የኒኬል ንጣፍ ላይ ነው። ከኒኬሉ ሥር ብዙ ጊዜ መዳብ ይኖራል። ከዚያ በታች የቸርኬው አካል፣ አሉሚኒየሙ ወይም ብረቱ ነው።

ክሮሙ ላይ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆችና ቀዳዳዎች አሉ። ቸርኬው አዲስ ሲሆንም አሉ። ጠጠር ሲመታው፣ ጎሚስታው ጎማ ለማውጣት ብረት ሲያስገባ፣ የባላንስ እርሳስ (ጎማው ሚዛኑን ጠብቆ እንዲዞር የሚደረግ ትንሽ ክብደት) ጠርዙን ሲነክሰው ደግሞ ትልልቆቹ ይጨመራሉ። ጨዋማ ውሃ የሚገባው በእነዚህ ነው። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ብረቶችን ሲያገናኝ ትንሽዬ ባትሪ ይሆናል። በዚያ ባትሪ ውስጥ የሚበላው ከሥር ያለው የቸርኬው አካል፣ አሉሚኒየሙ ወይም ብረቱ ነው። አሉሚኒየም ሲበላ ነጭ ዱቄት ይወጣዋል። ዱቄቱ ከብረቱ የሰፋ ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ልባጡን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል። የምታዩት እብጠት ይህ ነው። ላዩ ላይ ስታዩት ትንሽ ነው፤ ከሥር ግን የተበላው ቦታ ብዙ ጊዜ ይሰፋል።

ጨው ሁሉ አንድ አይደለም። ተራው የመንገድ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ በረዶ የማቅለጥ አቅሙ በጣም ይደክማል። ለዚያ ዓይነት ብርድ ማግኒዚየም ክሎራይድ ወይም ካልሲየም ክሎራይድ ይጠቀማሉ። ለቸርኬ የሚከፉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ከአየር ላይ እርጥበት ስበው ይይዛሉና። መንገዱ ደርቆ ሰማዩ ጠርቶ እንኳ ቸርኬው ላይ እንደረጠቡ ተጣብቀው ይቆያሉ። በብዙ ቦታ ደግሞ በረዶው ገና ሳይወርድ 23 በመቶ ገደማ ጨው ያለው ውሃ መንገዱ ላይ ይረጫል። ደርቆ ሲታይ አስፋልቱ ላይ ትይዩ ነጫጭ መስመሮች ይተዋል። እነዚያን መስመሮች ካያችሁ ጨው ቸርኬያችሁ ላይ ደርሷል ማለት ነው፣ አንዲት የበረዶ ብናኝ ባትወርድም።

ሙቀቱንም አትርሱ። ዝገትም እንደ ሌላው ኬሚካላዊ ለውጥ ሁሉ ሙቀት ሲጨምር ይፈጥናል። ጨው ያለባት መኪና ደጅ ብርድ ላይ ብትቆም ይሻላታል። ማሞቂያ ያለው ጋራዥ ውስጥ በረዶው ይቀልጣል፣ ጨው ይሟሟል፣ ሙቀቱም ሥራውን ያፋጥነዋል። የኔ ጋራዥ ያደረገው ይህንኑ ነው። ጋራዥ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ጨዉ ሳይነሣ መግባቱ ነው ክፉው።

መጀመሪያ የያዛችሁት ምን ዓይነት ቸርኬ እንደሆነ እወቁ

የሚያብለጨልጭ ሁሉ ክሮም አይደለም። ከመኪናው ጋር ያልመጣ፣ በኋላ ተገዝቶ የተገጠመ ቸርኬ ላይ ይህ ግራ መጋባት ይበዛል፤ በተለይ ሁለተኛ እጅ ከሆነ። እንክብካቤያቸው ስለሚለያይ ጥቂት ደቂቃ ሰጥታችሁ አጣሩ።

ማግኔት አስጠጉ። ጠበቅ አድርጎ ከያዘ አካሉ ብረት ነው፤ ሲበላሽ ቀይ ዝገት ያወጣል። ካልያዘ ወይም በጣም ለስለስ ብሎ ከያዘ አሉሚኒየም ነው፤ የሚያወጣው ነጭ ዱቄት ነው። ቀጥሎ ቀለሙን በቀን ብርሃን እዩት። ክሮም ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ ቀዝቃዛ ነጸብራቅ አለው። ተወልውሎ እንዲያበራ የተደረገ አሉሚኒየም ደግሞ ነጣ ያለ ነው። አሁንም ካልለየላችሁ በማይታይ ቦታ ላይ የብረት መወልወያ ትንሽ ነክታችሁ በነጭ ጨርቅ አሹት። ጨርቁ ወዲያው ከጠቆረ ያልተሸፈነ አሉሚኒየም ነው። ከክሮም ላይ ያን የመሰለ ጥቁረት አይወጣም።

በጣታችሁም ቆርቆር አድርጉት። ድምፁ የፕላስቲክ ከሆነ፣ ቸርኬው ላይ የተጣበቀ ክሮም የተለበጠ የፕላስቲክ ገጽ ሊሆን ይችላል። የዚህ አደጋው ሌላ ነው፤ ጨዋማ ውሃ በፕላስቲኩና በአሉሚኒየሙ መካከል ገብቶ አይወጣም። ስለዚህ በእንደዚህ ዓይነቱ ላይ የውሃ ግፊት መሣሪያን ጠርዙ ላይ ማነጣጠር ፈጽሞ አይሆንም። በቫኩም የሚሠራ ዘመናዊ ክሮምም አለ። ከላዩ ግልጽ ቅብ ስላለው እንደ መኪና ቀለም ነው የሚያዘው፤ ሻካራ መወልወያ አይነካውም።

በኋላ የሚገዛ ቸርኬ የልባጡ ጥራት ከአምራች አምራች ይለያያል። የዋስትና ወረቀቱ በእጃችሁ ካለ አንብቡት። ብዙ አምራቾች በመንገድ ጨው የመጣን ጉዳት ከዋስትናው ውጭ ያደርጉታል። ይህን ቀድሞ ማወቅ ከብዙ ክርክር ያድናል።

ማውለቅ ከቻላችሁ አውልቁት

እውነቱን ለመናገር፣ ሌላው ምክር ሁሉ ተደምሮ ይህን አያህልም። ሁለተኛ ቸርኬ፣ ተራ የብረት ወይም ቀለም የተቀባ አሎይ፣ የበረዶ ጎማ አስገጥማችሁ ክሮሙን ለሞቃቱ ወራት አስቀምጡት። የበረዶ ጎማ የሚመከረው የአየሩ ሙቀት በቋሚነት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ነው። ስለዚህ ጎማ ለመቀየር የምትሄዱበት ቀን ቸርኬውንም የምታድኑበት ቀን ይሆናል። ሁለት ቸርኬ ካላችሁ በየዓመቱ ጎማ ከቸርኬ ማስነቀልም ይቀራል። ያ ደግሞ ጠርዙን ከመላላጥ ያተርፈዋል።

ስትገዙ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው ዳዶው ነው። ለክሮም ቸርኬያችሁ የመጣው ዳዶ ወይም ቡሎን ለተራው ቸርኬ ላይሆን ይችላል። የአንዱ መቀመጫ እንደ ሾጣጣ፣ የሌላው እንደ ኳስ የተቀረጸ ነው። ሳይስማሙ ቢጠብቁ ጎማው መንገድ ላይ ይላላል። ይህ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ በግምት አትለፉት። ሁለተኛ፣ በኋላ የተገጠመ ቸርኬ ብዙ ጊዜ ከሞዞው (ቸርኬው ከሚታሰርበት የመሃል ክፍል) ጋር የሚያስተካክለው ቀለበት አለው። ስታወልቁ ሞዞው ላይ ተጣብቆ ይቀርና ሌላው ቸርኬ በደንብ አይቀመጥም። ሦስተኛ፣ መኪናችሁ የጎማ ግፊት የሚለካ ሴንሰር ካለው ለሁለተኛው ቸርኬም እንደሚያስፈልግ አስቡበት።

ያወለቃችሁትን ቸርኬ እንደወረደ አትደርድሩት። ፊቱንም ጀርባውንም እጠቡት፣ ሙሉ በሙሉ አድርቁት፣ ሰም ወይም መከላከያ ቀቡት። ጎማው ከነቸርኬው ከሆነ በጀርባ አስተኝታችሁ በመሃል ካርቶን ወይም ጨርቅ እያደረጋችሁ ደርድሩት፣ ወይም ስቀሉት። ከእርጥብ ሲሚንቶ ወለል ላይ በጣውላ ከፍ አድርጉት። በላስቲክ ጥርቅም አድርጋችሁ አትጠቅልሉ፤ የቀረች እርጥበት መውጫ ታጣለች። አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ ይበቃል።

ክሮሙን ልትነዱበት ከሆነ፦ ከበረዶው በፊት የሚሠራ

ማውለቅ የማይችል ብዙ ሰው አለ። ሁለተኛ ቸርኬ ወጪ ነው፣ ማስቀመጫ ቦታም ይጠይቃል። ለእናንተ ትልቁ ሥራ ያለው በረዶው ከመምጣቱ በፊት ባለው አንድ ቅዳሜ ላይ ነው። ሙሉ ቀን መድቡለት። ቀኑ ደረቅና ለስለስ ያለ ይሁን።

ደረጃ 1፦ ቸርኬውን ከመኪናው አውርዱ። አብዛኛው ሰው ፊቱን ብቻ አብርቶ ይተወዋል። ጨው ግን የሚጠራቀመው ከኋላ፣ በበርሜሉ ማለትም ጎማው በተጠለቀበት ክብ የቸርኬው ክፍል ውስጥ ነው። መኪናውን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አቁሙ፣ ዳዶውን መሬት እያለ ላላ አድርጉ፣ በክሪክ አንሡ፣ መደገፊያ ሥሩ አድርጉ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር እጃችሁን እንኳ አታስገቡ። የመሃል ክዳኑንም አውጡት፤ ከጀርባው ያለው ጎድጓዳ ቦታ ውሃ ያቁራል።

ደረጃ 2፦ እጠቡ። ሁለት ባልዲ ያዙ፣ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለማለቅለቂያ። ሳሙናው ለመኪና የተሠራ፣ ፒኤቹ ገለልተኛ የሆነ፣ ማለትም አሲድም አልካሊም ያልሆነ ይሁን። መጀመሪያ በውሃ ብቻ ጠጠሩንና አሸዋውን አውርዱት፣ አለበለዚያ ስታሹት ትሞጭሩታላችሁ። ለሰፊው ቦታ ለስላሳ ጨርቅ፣ ለዳዶ ጉድጓዶችና ለቫልቩ ዙሪያ ለስላሳ ብሩሽ ተጠቀሙ።

ደረጃ 3፦ የፍሬን ብናኙን አንሡ። ይህ ብናኝ ከዲስኩና ከፍሬን ሸራው የሚወጣ የብረት ቅንጣት ነው። ትኩስ ሆኖ ይመጣና ይጣበቃል። ከተጣበቀ በኋላ እንደ ስፖንጅ ጨዋማ ውሃ ይይዛል። በሳሙና ካልለቀቀ፣ ብረት ሲነካ ወደ ሐምራዊ የሚለወጥ የብናኝ ማስለቀቂያ አለ። አሲድ የሌለበትንና ለክሮም ይሆናል የሚለውን ምረጡ። ቸርኬው ቀዝቃዛ ሲሆን እርጩ፣ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ አታሳልፉ፣ እንዳይደርቅ ጠብቁ፣ በብዙ ውሃ አጥሩት። ልባጡ የተነሣበት ቦታ ካለ ግን እዚያ አትርጩ።

ደረጃ 4፦ አድርቁና መርምሩ። ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ከተቻለም የአየር መንፊያ ተጠቀሙ። ከዚያ በእጅ ባትሪ ዞር ዞር እያላችሁ እዩት። በተለይ ቫልቩ ዙሪያ፣ የዳዶ ጉድጓዶች አፍ፣ የውጭ ጠርዙ እና የባላንስ እርሳስ ያለበት ቦታ። ጠርዙን የሚቆነጥጥ የብረት እርሳስ ካገኛችሁ ጎሚስታው ከውስጥ በሚለጠፍ ዓይነት እንዲለውጠው ጠይቁ። ቆንጣጩ ልባጡን ይፍቃል፣ ከሥሩም ጨው ይደብቃል። ያገኛችሁትን ጉዳት ፎቶ አንሡት። በዓመቱ መስፋት አለመስፋቱን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ደረጃ 5፦ መከላከያ ቀቡ። ምርጫው ሦስት ነው ብላችሁ ያዙት። የካርናውባ ሰም ለመቀባት ቀላል ነው፣ ውበቱም ደስ ይላል። ግን ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ ከፍ ሲል ይቀልጣል። ፍሬን የሚያግለው ቸርኬ ላይ ዕድሜው አጭር ነው። ለቸርኬ ተብሎ የሚሠራው ሰው ሠራሽ መከላከያ ከሱ ይሻላል፤ ሙቀቱንም ሳሙናውንም ይችላል። የሴራሚክ ቅብ ከሁሉም ይቆያል፣ ነገር ግን ቸርኬው ፍጹም ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት፤ ከተቀባ በኋላም ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ውሃ ሳይነካው መቆየት ይፈልጋል። እኔ ለበረዶ ወራት የምመርጠው ሰው ሠራሹን ነው። ሲሳሳ ደጅ ቆማችሁ ልትደግሙት ትችላላችሁ፤ ሴራሚክን ግን በብርድ መሃል ማደስ ከባድ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቁ፣ አብሱት፣ ከዚያ ሁለተኛ ድርብ ጨምሩ። በርሜሉን ከውስጥ እንደ ፊቱ እኩል ቀቡት። ሁለት ቦታ ግን አይነካ። አንዱ ዳዶው የሚቀመጥበት ሾጣጣ፣ ሌላው ቸርኬው ከሞዞው ጋር የሚገጥምበት ገጽ ነው። እዚያ ላይ የሚያንሸራትት ነገር መኖር ጥብቀቱን ያዛባዋል። ዲስኩና ሸራው ላይ አንዲት ጠብታ እንዳይደርስ ማለት ያለብኝ አይመስለኝም፣ ግን እላለሁ።

ደረጃ 6፦ መልሳችሁ ግጠሙ። ዳዶዎቹን በኮከብ ቅርጽ፣ በተቃራኒ በተቃራኒ አጥብቁ። የመጨረሻውን ጥብቀት በቶርክ ቁልፍ (የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ ቁልፍ) ስጡት። ልኩ የመኪናው መመሪያ ላይ አለ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ድገሙት። ዳዶዎቹ ራሳቸው ክሮም ከሆኑ ደግሞ በደንብ እዩአቸው። ስስ የክሮም ቆብ የተደፋበት ዳዶ በጨው ከሥሩ ዝጎ ያብጣል፤ ያኔ ቁልፉ አይገባም። ጎማ የፈነዳ ቀን ይህን ማወቅ ያሳዝናል። ለበረዶ ወራት ከአንድ ወጥ ብረት የተሠራ ዳዶ አድርጉ።

ከመኪናው አካል ወጣ ያለ ሰፊ ቸርኬ ያላችሁ የጭቃ መከላከያ ላስቲክ ጨምሩ። ከፊት ጎማ የሚረጨው ጨዋማ ጭቃ የኋላውን ቸርኬ ነው የሚመታው።

ሲፈለግ እንደ ስስ ላስቲክ ተልጦ የሚነሣ የሚረጭ ቅብም አለ። ክሮሙን ሙሉ በሙሉ ይደብቀዋል፣ ግን ከጠጠር ይከላከላል። ከተጠቀማችሁ አራትና አምስት ድርብ እርጩ፣ ሲያሳሱት በኋላ ለመላጥ ያስቸግራል። ጉዳት ያለበት ቸርኬ ላይ አትርጩት። ከሥሩ የታፈነ እርጥበት በሰላም አይተኛም።

በበረዶው ወራት፦ ማጠብ

በሳምንት አንድ ጊዜ የሚለው ልማድ መጥፎ አይደለም። ከሱ የተሻለ ግን መንገዱን ማየት ነው። ጨው ከተነሰነሰ በኋላ የነዳችሁበት ቀን ሁሉ ቢያንስ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ይገባዋል፤ በተለይ መኪናዋ ለቀናት ልትቆም ከሆነ። ሳሙና ባይኖር እንኳ ውሃ ብቻውን ብዙ ይሠራል፤ ጨው በውሃ የሚሟሟ ነገር ነውና።

ሰዓቱን ምረጡ። ከዜሮ በላይ የሆነ ቀን፣ እኩለ ቀን አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ነድታችሁ እንደመጣችሁ ወዲያው አትርጩ፤ ፍሬኑ የጋለ ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ዲስኩን ሊያጣምመው ይችላል። የእጃችሁን ጀርባ ወደ ቸርኬው አስጠጉ። ሙቀት ካልተሰማችሁ ጀምሩ። ውሃው ለብ ያለ ይበቃል። በበረዶ የቀዘቀዘ ቸርኬ ላይ የፈላ ውሃ መድፋት ለልባጡ ድንጋጤ ነው፤ ክሮሙና አሉሚኒየሙ ለሙቀት የሚሰፉት እኩል አይደለም።

የግፊት መሣሪያ ካላችሁ አፉን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁ። ከታች ወደ ላይ፣ ከዚያ ከኋላ በርሜሉን እጠቡ። በቸርኬው ቀዳዳዎች በኩል ወደ ውስጥ ማስገባት ትችላላችሁ። ከዚያ መኪናዋን ግማሽ ዙር ወደፊት አንቀሳቅሱና ደግማችሁ እጠቡ። ያ ግማሽ ዙር ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከታች የነበረው የበርሜሉ ክፍል ውሃና ጨው አቁሮ የሚቀረው እሱ ስለማይታሰብ ነው። ልባጡ የተላጠበት ቦታ ላይ ግፊቱን ፊት ለፊት አታነጣጥሩ።

ላቫጆ ብትሄዱ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። የሚሽከረከር ብሩሽ ያለውን ተዉት። ቸርኬ ላይ የሚረጩት ማጽጃ አሲድ ወይም ጠንካራ አልካሊ ከሆነ ቸርኬውን እንዳይነኩት ንገሯቸው። አንድ ውሃ አጣርተው ደጋግመው የሚጠቀሙ ማጠቢያዎችም አሉ። ከብዙ መኪና የታጠበ ጨው ውሃው ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ንጹሕ ውሃ መሆኑን አረጋግጡ።

ማድረቁን እንደ ቅንጦት አትዩት። ቫልቩን፣ የዳዶ ጉድጓዶቹን፣ የጠርዙን እጥፋት በጨርቅ አብሱ። ለቸርኬ የያዛችሁትን ጨርቅ ለመኪናው ቀለም አትጠቀሙበት፤ የፍሬን ብናኝ ቀለም ይሞጭራል። ከዚያ የሚረጭ ፈጣን መከላከያ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ፊቱን አብሱ። ቸርኬው ላይ በቀጥታ አትርጩ፣ ወደ ዲስኩ ያልፋል። በመጨረሻ መኪናዋን ጥቂት ነድታችሁ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ደጋግማችሁ ያዙት፤ ሙቀቱ የቀረውን ውሃ ያደርቀዋል። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ከሆነና የእጅ ፍሬኑ ከረጠበ ሊጣበቅ ይችላል፤ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ማርሽ አስገብታችሁ ጎማው ሥር መደገፊያ ብታደርጉ ይሻላል።

በየሁለት ሳምንቱ የጎማውን ነፋስም ለኩ። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ ግፊቱ ከ1.5 እስከ 2 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ ይህ ጤነኛ ነው። አንዱ ጎማ ብቻ ከሌሎቹ ለይቶ የሚቀንስ ከሆነ ግን ጎማው ከቸርኬው ጋር የሚገጥምበት ጠርዝ ላይ ልባጡ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። ክሮም ቸርኬ ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሚስማር ፍለጋ ነው የሚደክመው።

በፍጹም የማይነኩ ነገሮች

ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ኮላ። ሁሉም አሲድ ናቸው። የክሮም ዝገት ያስለቅቃሉ የሚለው ምክር ከሰው ሰው ይዞራል። ለጥቂት ሰከንድ ቀይ ዝገት ያለሰልሱ ይሆናል፤ በየስንጥቁ ገብተው ሲቀሩ ግን የጨዉን ሥራ ያግዛሉ። በረኪናም አይሆንም፤ እሱም ክሎሪን ያለበት ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት የሰድር ማጽጃ ከሁሉም ይብሳል። ክሮም ለባጮች ክሮምን ለመግፈፍ የሚጠቀሙበት አሲድ ነው። የምድጃ ማጽጃ ደግሞ በአብዛኛው ኮስቲክ ሶዳ አለው፤ አሉሚኒየም ይበላል። የሽቦ ብሩሽና የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ይጭራሉ። እያንዳንዷ ጭረት አዲስ በር ናት። ዘይት መርጨትም ሰምቻለሁ። አቧራ ይሰበስባል፣ ይታጠባል፣ ከሁሉም በላይ ፍሬን ላይ ከደረሰ መኪናዋ አትቆምም።

ጉዳቱ ከጀመረ

ቀይ ነጠብጣብ፣ የብረት ቸርኬ ላይ፣ ገና ላዩ ላይ ከሆነ ተስፋ አለው። የአሉሚኒየም ወረቀት ጨምድዳችሁ በውሃ ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ እሹት። አሉሚኒየም ከክሮም የለሰለሰ ስለሆነ ክሮሙን ሳይጭር ዝገቱን ያነሣል። አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ወዲያው መከላከያ ቀቡት፤ ቀዳዳው እንዳለ ነውና።

ነጭ ነጥብና እብጠት ላይ ግን ማሸት አይረዳም። የተበላው ከሥር ነው። እብጠቱን አታፍርጡት፣ በጥፍር አትላጡት። ጠርዙ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ ጓንት አድርጉ። በረዶው እስኪያልፍ ድረስ በሰም ሸፍናችሁ፣ ከወትሮው ይልቅ ቶሎ ቶሎ አልቅልቁት። ላዩን ቀለም መቀባት አያዛልቅም። ቀለም ክሮም ላይ ጥሩ አድርጎ አይይዝም፤ ከሥሩ ያለው ዱቄትም ሥራውን አያቆምም።

ልባጡ በሰፊው ከተነሣ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የድሮውን ልባጥ በባለሙያ አስነሥቶ እንደገና ማስለበጥ ነው። አደገኛ ኬሚካል ያለበት ሥራ ስለሆነ ቤት ውስጥ አይሞከርም። አሉሚኒየሙ በጥልቀት ከተቦረቦረም ጥሩ ባለሙያ አልቀበልም ሊላችሁ ይችላል፤ ቢላችሁ አትከፉ፣ እውነቱን ነው የነገራችሁ። ሌላው ልባጡ ተነሥቶ በምድጃ የሚጋገር የዱቄት ቀለም ማስቀባት ነው። ክሮሙ ይቀራል፣ ቸርኬው ግን ይተርፋል። በሁለቱም መንገድ ብትሄዱ ጎማው ወጥቶ ቸርኬው ባዶውን ሲሆን ስንጥቅ እንዳለበት አስመርምሩ። የተሰነጠቀ ቸርኬ ላይ ምንም ቀለም አይቀባም።

መንገዱ ላይ የመጨረሻው ጨው ከታጠበና ሁለት ሦስት ጥሩ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ቸርኬዎቹን እንደገና አውርዱ። ጀርባቸውን እጠቡ፣ የመሃል ክዳኑን ነቅላችሁ አድርቁ፣ ከበረዶው በፊት ያነሣችሁትን ፎቶ አውጥታችሁ ነጥብ በነጥብ አስተያዩ።